የንባብ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ብራናው በማን እጅ ነበር?

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት፤ መጽሐፍ ግን አንድ ቅጂ ብቻ። የሳራዬቮ ሐጋዳ የሚባለውን ብርቅ የአይሁድ ብራና በየዘመኑ በያዙት ሰዎች በኩል የሚተርክ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ እኔ እያነበብኩ፣ ልጆቹ በተራ ወደ አማርኛ እየመለሱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጨረስነው። «ለፈተና አይጠቅም» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። መስከረም ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ዛሬ ቆመው ሲተረጉሙ መጥተው ይስሙልኝ።

ሐጋዳ አይሁድ በፋሲካ ማታ በማዕድ ዙሪያ የሚያነቡት የዘፀአት ትረካ ነው። ይህኛው በ1350 ገደማ (እ.ኤ.አ.) በስፔን የተዘጋጀ ሲሆን 34 ባለሙሉ ገጽ ሥዕሎች አሉት። በ1492 አይሁድ ከስፔን ተባረሩ። በ1609 ቪስቶሪኒ የተባለ የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት መርማሪ የሚነቀፍ የለውም ብሎ ብራናው ላይ ፈረመበት፤ በዚህም ከመቃጠል ተረፈ። በ1894 በቦስኒያዋ ከተማ በሳራዬቮ ላለው ሙዚየም ተሸጠ። በ1942 የናዚ ጄኔራል ሊወስደው ሲመጣ ሙስሊሙ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደርቪሽ ኮርኩት አሸሹት። ባለቤታቸውና እሳቸው አንዲት አይሁዳዊት ልጅም ቤታቸው ደብቀው አትርፈዋል። በ1992 ከተማዋ ስትከበብ ብራናው እንደገና ከሙዚየሙ ወጥቶ ባንክ ካዝና ውስጥ ገባ።

ልጆቹ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው «የታወቀ» እና «ደራሲ የፈጠረው» እያሉ ይጽፉ ነበር። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

የተቀሩትን ስብሰባዎች አልዘረዝርም። ብራና በዓይናቸው እንዲያዩ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ልንሄድ ደብዳቤ ሁሉ አጽፈን ነበር፤ አውቶቡስ ስላልተፈቀደልን ቀረ።

የሐጋዳው ገጾች ላይ የወይን ጠጅ ነጠብጣብ መኖሩን ያነበብን ዕለት ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የአያቴ ዳዊት ላይም የጧፍ ሰም አለ» አለች። እንድታመጣው ጠየቅኳት። አያትየው ለልጅ አላምንም ብለው በሳምንቱ ራሳቸው መጡ፤ ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ በነጠላ ጠቅልለው። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተሰለፉ። ከ50ኛው መዝሙር አጠገብ ሰሙ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤ የገጹ ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሯል።

መጨረሻው ቅጠል ላይ «ዝንቱ መጽሐፍ ዘ…» (ይህ መጽሐፍ የ…) ይልና ስሙ ያለበት ቦታ በምላጭ ተፍቋል። በላዩ በሌላ እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ የአያትየው ቅድመ አያት ስም ተጽፏል። ከሥሩ ያለውን ድቁና የተማረው ልጃችን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ…»። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው።

ልጆቹ ጸጥ አሉ። ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች። «እማማ፣ ታዲያ የፋቀው የኛ ሰው ነው?»

እማማ ቅጠሉን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ቆይተው «ገዝቶት ነው ሲሉ ነው የሰማሁት» አሉ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የመጀመሪያውን ሰው ስም ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።» በ14 ዓመት የማስተማር ሕይወቴ እንዲያ ያለ ክፍለ ጊዜ አልገጠመኝም። ማንም ደወሉን ሰምቶ አልተነሳም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘጠኝ ልጆች በየቤታቸውና በየሰፈራቸው ያሉ የቆዩ መጻሕፍት ላይ የተጻፈውን የባለቤት ስም እየገለበጡ ነው፤ ዳዊት ብቻ ሳይሆን ቁርዓንም፣ የድሮ የፊደል ገበታም አለ። የሚገለብጡበትን ደብተር የገዛሁት እኔ ነኝ። ለሚቀጥለው ዓመት አምስት ተጨማሪ ቅጂ እንፈልጋለን፤ የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ይህን ታነባላችሁና አደራ። ከሁሉም በላይ ግን የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ይሰጠን። እስካሁን የምንቀመጠው በር ላይ ነው፤ እማማም ሲመጡ ወንበር የተዋስነው ከሻይ ቤቱ ነበር።