ለአዋቂዎች ብቻ የሆነ ጌም የት ይቀመጥ፣ ገንዘቡስ በየት በኩል ይግባ?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች ብቻ የሚሠሩ ጌሞችን ኢንተርኔት ላይ ስለማስቀመጥና ገቢ ስለመሰብሰብ

በየጊዜው የምትጽፉልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ "ገጼ ከፍለጋ ወጣብኝ፣ በሱቁ ውስጥ ሲፈለግ አይታይም፣ የትኛው ሱቅ ይሻለኛል?" የሚል ነው። መልሳችን የሱቅ ምርጫ መጨረሻ ላይ ይምጣ ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ገዢው የካርዱን ቁጥር ካስገባበት ጊዜ ጀምሮ ገንዘቡ በእነማን እጅ አልፎ እናንተ ጋ እንደሚደርስ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ፋይሉን፣ መሸጫ ገጹን፣ ክፍያውንና የተጫዋቾቹን አድራሻ ጠቅልሎ ለአንድ ድርጅት አይሰጥም።

ይህን ደብዳቤ የምንልከው በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ፣ እዚያው ግብር ለምትከፍሉ ደንበኞቻችን ነው። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 ጸያፍ ጽሑፍና ምስል መሥራትን፣ ወደ አገር ማስገባትንና ማሰራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕግም በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነው። ስለዚህ የሥዕሉን ወይም የድምፁን ሥራ አገር ቤት ላለ ባለሙያ አታካፍሉ፤ "እስኪ ሞክረውና አስተያየትህን ንገረኝ" ብላችሁም ለዘመድ ፋይል አትላኩ። እናንተ ያላችሁበት አገር ስለፈቀደ እሱ ከክስ አይድንም።

ከዚያ ቀጥሎ የይዘት ወሰን አለ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወይም የሚመስል ገጸ ባሕርይ ያለበትን ሥራ እኛም አናስተናግድም፣ የትም እንዲቀመጥ አንረዳም። የእውነተኛ ሰው ፊት ያለፈቃዱ የገባበትም እንዲሁ ነው። "ዕድሜዋ 18 ነው" ብሎ መጻፍ አያድንም፤ ገምጋሚ የሚያየው አካሏን፣ ልብሷንና የትምህርት ቤቱን ክፍል ነው። አስገድዶ መድፈርንና የቤተሰብ ግንኙነትን የሚያሳዩ ታሪኮችን በተመለከተ ደንቡ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ የክፍያ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ከሽያጭ የሚነሱት እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ መንገድ እንግባ። በገዢውና በሱቁ መካከል የገዢው ባንክ፣ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለ የካርድ ኩባንያ፣ የሱቁ ባንክ፣ እንዲሁም እንደ ስትራይፕና ፔይፓል ያለ ክፍያ አስተላላፊ አሉ። ከእነዚህ አንዱ እምቢ ካለ ሱቁ ወድዶ የተቀበለው ጌም ሳይቀር ከሽያጭ ይነሳል። ቦኖ ጋ ቆሞ ጠባቂውን መቆጣት ውሃ አያመጣም፤ የተዘጋው ቫልቭ ሌላ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የሆነው ይኸው ነው። ኮሌክቲቭ ሻውት የተባለ የአውስትራሊያ ቡድን ለክፍያ ድርጅቶች አቤቱታ አቀረበ። ትልቁ የኮምፒውተር ጌም ሱቅ ስቲም በርካታ ጌሞችን ከሽያጭ አነሳ፤ በደንቡም ላይ የክፍያ አስተላላፊዎችን፣ የካርድ ኩባንያዎችንና የባንኮችን መመሪያ ሊጥስ የሚችል ይዘት አይፈቀድም የሚል አንቀጽ ጨመረ። ሌላው የጌም ሱቅ ኢች ዶት አዮ (ኢች) ደግሞ የአዋቂዎችን ይዘት በሙሉ ከፍለጋ አወጣ፤ በወሩ መጨረሻ ያለ ክፍያ የሚወርዱትን መልሶ ማስገባት ጀመረ። ስትራይፕ በባንኮቹ ገደብ ምክንያት የወሲብ ይዘትን መደገፍ እንደማይችል ለኢች ነግሮታል። ማስተርካርድ በበኩሉ የትኛውንም ጌም ገምግሜ አላስወረድኩም አለ። የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ የተባለ ኩባንያ ግን ማስተርካርድ በቀጥታ ባያነጋግረውም፣ ክፍያ አስተላላፊዎቹ የማስተርካርድን ደንብ ቁጥር 5.12.7 ጠቅሰው እንደጻፉለት አስታወቀ። ደንቡ የካርድ ኩባንያውን ስም የሚጎዳ ግብይትን ይመለከታል፤ ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ባንክ ሲፈራ ወደ ጥንቃቄ ያደላል። ሕጋዊ ሥራ የሚሠራ ሰው ኑሮ እንዲህ ባለ ባልተብራራ ቃል ላይ መንጠልጠሉ ተገቢ ነው ብለን አናምንም። ሆኖም እስኪለወጥ ድረስ ሥራችሁን በዚሁ ልክ ማደራጀት ግድ ነው።

ኢች ዶት አዮን አሁንም እንመክራለን፣ ነገር ግን ለማሳያ ቅጂ። ሱቁ ከሽያጩ የሚወስደው ድርሻ መነሻ 10 በመቶ ሲሆን፣ ከ0 እስከ 100 ድረስ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ገጹን ስትከፍቱ የአዋቂዎች ይዘት መሆኑን የሚገልጸውን ሳጥን ምልክት አድርጉ፤ ይህን መዝለል ገጽ የሚያሳግድ ስሕተት ነው። ለማሳያው ክፍያ የማይቀበል ገጽ ምረጡ፤ ልገሳንም ዝጉ። ጌማችሁ በብሮውዘር የሚጫወቱት ከሆነ የምትጭኑት ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ሲፈታ ከ1,000 ፋይልና ከ500 ሜጋባይት እንዳይበልጥ፣ አንዱም ፋይል ከ200 ሜጋባይት እንዳያልፍ። "ጌሙ አይከፈትም" ብላችሁ ከላካችሁልን መካከል ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ችግር የፋይል ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ የፊት ገጽታ ለብቻው እንደ ምስል ሲቀመጥ 1,000 ቶሎ ይሞላል። የሚወርድ ቅጂ ከሆነ ደግሞ በድረ ገጹ በኩል ከመጫን በትለር የተባለውን የኢች መሣሪያ ተጠቀሙ፤ አዲስ እትም ስታወጡ የሚልከው የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሆነ ደካማ መስመር ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የሚሸጥ ነገር ካላችሁ ገንዘቡ እንደተፈቀደ ወደ ባንካችሁ አውጡት። ሒሳብ ሲታገድ ውስጡ ያለው ገንዘብም አብሮ ይቆማል።

ስቲም ብዙ ገዢ አለው፣ ወረቀቱም ይበዛል። ለአንድ ጌም 100 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲደርስ ይመለሳል። ድርሻው ለእናንተ መጠን 30 በመቶ ነው። አዲስ ከሆናችሁ ክፍያውን ከፈጸማችሁ በኋላ 30 ቀን መጠበቅ አለ። ገጹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት "በቅርብ ቀን" ተብሎ መታየት አለበት። ገጹና ጌሙ ለየብቻ ይገመገማሉ፤ ለእያንዳንዱ ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀን ያዙ። እርማት ሲመጣ ይህ ጊዜ እንደገና ይጀምራል፤ ስለዚህ የሚወጣበትን ቀን ለተጫዋች ከማወጃችሁ በፊት ሁለት ወር ያህል ቦታ ይኑራችሁ። የይዘት መጠይቁን በግልጽ ሙሉ፤ የደበቃችሁት ትዕይንት በግምገማ ከተገኘ ችግሩ ከይዘቱ ወደ እምነት ይሸጋገራል። የሱቁ የሽፋን ምስል ለማንም ሰው የሚታይ መሆን አለበት፤ ከስክሪን ፎቶዎቹም ቢያንስ አራቱ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆኑ ብላችሁ የምትመድቧቸው ይሁኑ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሥዕል ካለ እሱንም ማሳወቅ ግዴታ ነው።

በጀርመን ለምትኖሩ፦ በአገሪቱ የዕድሜ ማረጋገጫ ሕግ ምክንያት ስቲም ለአዋቂዎች ብቻ የሆኑ ጌሞችን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ አያሳይም። ፍራንክፈርት ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ገጽ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ስሕተት የሠራችሁ እንዳይመስላችሁ። ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ የግብር መጠይቁን ስትሞሉ የመኖሪያ አገራችሁን የግብር ስምምነት አስገቡ። ካላስገባችሁ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ገቢ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ ከጀርመንና ከብሪታንያ ጋር ባለው ስምምነት ግን የዚህ ዓይነቱ ተቀናሽ ዜሮ ይሆናል።

ጌሙ ገና እየተሠራ ሳለ ወርኃዊ ድጋፍ ለመሰብሰብ የመጀመሪያው ምርጫ ፔትሪዮን ነው። ይህን ስሌት ልብ በሉት። ከኦገስት 2025 ወዲህ ለሚከፍቱ ሠሪዎች የፔትሪዮን ድርሻ 10 በመቶ ነው። የክፍያ ማስተላለፊያው እስከ 3 ዶላር ላለው 5 በመቶና 10 ሳንቲም፣ ከ3 ዶላር በላይ ለሆነው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ከ3 ዶላር ድጋፍ 2.45 ይደርሳችኋል፤ ከ4 ዶላር ወደ 3.18፣ ከ5 ዶላር ወደ 4.05። በመቶኛ ሲታይ የ4 ዶላሩ ደረጃ ከሁለቱም ያንሳል። ዝቅተኛውን ደረጃ በ3 ዶላር፣ ቀጣዩን በ5 ዶላር አድርጉና መካከሉን ተዉት። ተጫዋቹ በአይፎን መተግበሪያ ውስጥ ሲመዘገብ አፕል እስከ 30 በመቶ ሊወስድ ስለሚችል ሁልጊዜ የምታጋሩት የብሮውዘር ሊንክ ይሁን።

የፔትሪዮን ገጽ 18+ ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ለሁሉም ክፍት በሆነ ልጥፍ፣ በገጹ ራስጌና በመገለጫ ፎቶ ላይ የወሲብ ምስል አይፈቀድም። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ፣ ገምጋሚዎቹ በድጋፉ የሚሠራውን ጌም ራሱን ሌላ ቦታ ላይ ቢቀመጥም ያያሉ። የከለከሉትን ትዕይንት በተጨማሪ ፋይል ለይቶ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ማኖር የተለመደ ዘዴ ነው፤ እኛ ግን አናደርገውም፣ ዋናውን ገጽ ይዞ ይወድቃልና። ሁለተኛ በር ሆኖ ሰብስክራይብስታር አለ፣ ለአዋቂዎች ይዘት የተለየ ክፍል አለው። እሱም በ2018 መጨረሻ ፔይፓል አቋርጦበት ያውቃል፤ ስለዚህ የምትከፍቱት ከፔትሪዮን ጎን እንጂ በእሱ ምትክ አይሁን። አሁን ባዶም ቢሆን ክፈቱት፤ ችግር በመጣ ቀን ምዝገባና ማረጋገጫ መጀመር ረፍዷል።

የቀሩትን በአጭሩ። ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ኪክስታርተር የወሲብ ምስል ይከለክላል፤ ጎግል ፕሌይና አፕ ስቶርም እንዲሁ፣ ስለዚህ የአንድሮይድ ቅጂ ኤፒኬ በሚባለው መጫኛ ፋይል በቀጥታ ይሰጣል። የዲጂታል ሥራዎች መሸጫው ገምሮድ በማርች 2024 አብዛኛውን የአዋቂዎች ይዘት ዘግቷል። ጂኦጂ የተባለው የጌም ሱቅ የአዋቂዎችን ጌም ይቀበላል፣ ግን ራሱ መርጦ ነው፤ የተጠናቀቀ ሥራ ይዛችሁ ጠይቁ። የጃፓኑ ዲኤልሳይት ትልቅ ገበያ ነው፤ የጃፓን ሕግ ብልት በሞዛይክ እንዲሸፈን ስለሚያስገድድ ለብቻው ቅጂ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በቪዛና በማስተርካርድ መክፈል እዚያ ስለተቋረጠ የውጭ ገዢ ብዙ አትጠብቁ።

ፋይሉን በተመለከተ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። 2 ጊጋባይት የሆነ ጌም 3,000 ጊዜ ሲወርድ 6,000 ጊጋባይት ይወጣል። በጊጋባይት 9 ሳንቲም የሚያስከፍል ሰርቨር ላይ ይህ 540 ዶላር ነው፤ አንድ እትም ብቻ አውጥታችሁ ማለት ነው። ለሚወጣው ትራፊክ የማያስከፍል ማከማቻ፣ ለምሳሌ ክላውድፍሌር አር2፣ የመጀመሪያው 10 ጊጋባይት ነጻ ሲሆን ከዚያ በኋላ በወር በጊጋባይት 1.5 ሳንቲም ነው። የዊንዶውስ፣ የማክና የአንድሮይድ ቅጂ ሦስቱም ተደምረው 6 ጊጋባይት ቢሆኑ በነጻው ውስጥ ያልፋሉ። የትኛውንም አስተናጋጅ ከመምረጣችሁ በፊት የአጠቃቀም ደንቡን አንብቡ፤ ጎግል ድራይቭ የወሲብ ይዘት ማሰራጨትን ይከለክላልና ለተጫዋች ሊንክ የምትሰጡበት ቦታ አይደለም። በእያንዳንዱ እትም ገጽ ላይ የፋይሉን የኤስኤችኤ-256 ቁጥር፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ፣ ጻፉ። ጌማችሁን ገልብጠው ቫይረስ ጨምረው የሚያሰራጩ አሉ፤ ተጫዋቹ ቁጥሩን አመሳክሮ የእናንተ መሆኑን ያረጋግጣል።

በራሳችሁ ድረ ገጽ መሸጥ ለምትፈልጉ፣ ስትራይፕ ላይ "ሶፍትዌር" ብላችሁ ተመዝግባችሁ አትጀምሩ። ሲደረስበት ሒሳቡ ይዘጋል፣ ገንዘቡም ለወራት ሊያዝ ይችላል። እንደ ሲሲቢልና ሴግፔይ ያሉ ለዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ክፍያ አስተላላፊዎች አሉ፤ ድርሻቸው ከተለመደው ይበልጣል፣ በየዓመቱም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የካርድ ኩባንያ የምዝገባ ክፍያ አለ። ዋናው አደጋ ገዢው "አልገዛሁም" ብሎ በባንኩ በኩል የሚያስመልሰው ገንዘብ ነው፤ ከመቶ ግብይት ወደ አንድ ሲጠጋ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በባንክ መግለጫው ላይ ገዢው የሚያውቀው ስም እንዲወጣ አድርጉ፤ ገንዘቤ ይመለስልኝ ያላችሁንም ሳትከራከሩ መልሱለት። ዕድሜ ማረጋገጥም የእናንተ ሸክም ይሆናል፦ በብሪታንያ ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግዴታ ነው። በቴክሳስ ደግሞ ከይዘቱ ሲሦው በላይ ለልጆች ጎጂ የሆነ የወሲብ ይዘት የያዘ ድረ ገጽ ይገደዳል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን በጁን 2025 አጽንቶታል። ወርኃዊ ሽያጩ ትንሽ ለሆነ ሰው ይህ መንገድ አያዋጣም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ዛሬ ልትጀምሩት የሚገባው የኢሜይል ዝርዝር ነው። ከፍለጋ መውጣት የሚጎዳው አዲስ ተጫዋች እንዳያገኛችሁ ነው፤ የነበሩት የት እንደሄዳችሁ ካወቁ ይከተላሉ። በጌሙ መነሻ ስክሪን ላይ መመዝገቢያ ሊንክ አድርጉ፣ ሊንኩም በራሳችሁ ዶሜይን ላይ ይሁን። የኢሜይል መላኪያው ሜይልችምፕ የወሲብ ይዘት አይፈቅድም፤ ሌሎቹም ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ በኢሜይሉ ውስጥ የእትሙን ቁጥር፣ የተለወጠውንና ሊንኩን ብቻ ጻፉ፣ ምስል አታስገቡ። ዝርዝሩን በወር አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ።

ፋይላችሁ በእኛ ሰርቨር ላይ ያለ ደንበኞች፣ አሁን የምትጠቀሙበትን ሱቅ፣ የድጋፍ ገጹን አድራሻ፣ የፋይሎቹን መጠንና የወር ማውረድ ብዛት ጽፋችሁ ላኩልን። ሁለተኛ ማከማቻ አዘጋጅተን ዶሜይናችሁን ከሁለቱም ጋር እናያይዛለን። አንዱ ሲዘጋ የማውረጃ ሊንካችሁ ሳይለወጥ ወደ ሌላው ይዞራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል