ለተማሪው ስለ ክፍያ የሚያስረዳው ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰሞኑን ስለ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የምታወጡትን እየተከታተልኩ ነው፣ ጥሩ አድርጋችሁ ነው የያዛችሁት፣ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ብሩ ነው፣ ስንት ጨመረ፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይቀርለታል። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለ ሰው ነው። ተማሪው ስለ ክፍያ ሊጠይቅ ሲሄድ ከመስኮቱ ወዲያ ስለሚቀመጠው ሰራተኛ ማለቴ ነው። እሱ የሚናገራት አንዲት ነገር ወይ ደሞ ሳይናገር የሚያልፋት ነገር ልጁ ምን እንደሚማር፣ ይቀጥል ይሁን ያቋርጥ ስትወስን በአይኔ አይቻለሁና።

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ትምህርት ሚኒስቴር ቅርባችን ነው፣ ሽቅብ ስትሉ ስድስት ኪሎ ነው፣ በየፎቁ ላይ የግል ኮሌጅ አለ፣ ስለዚ ዶክመንት ይዞ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ተማሪ እኔ ጋ ሳይደርስ አይሄድም። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ጉርድ ፎቶ። ወረቀቱን ኮፒ አስደርጎ ግን ቶሎ አይወጣም፣ ቆም ይልና "ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" ይለኛል። ብዙ ጊዜ የሚያሳየኝ የኮስት ሼሪንግ ውል ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፣ መንግስት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በነጻ አይደለም የሚማረው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) የሚባለው አሰራር መጣ፣ ተማሪው የምግቡንና የዶርሙን ወጪ ሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደሞ 15 በመቶውን መንግስት ይሸፍንለትና ተመርቆ ስራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይከፍላል፣ የሚቆረጠውም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። በየአመቱ ውል ይፈርማል፣ ምግቡን በአይነት ነው በገንዘብ ብሎ ይመርጣል፣ ማለትም ግቢው ውስጥ መብላት (ካፌ) ነው ወይስ ብሩን ተቀብሎ በራሱ መብላት (ነን ካፌ)። በቃ ይሄው ነው፣ አስቸጋሪ ነገር የለውም።

ይቺን የሚነግረው ሰው አጥቶ ግን ህክምና የተወ ልጅ አውቃለሁ። አባቱ የሞቱበት ነው፣ እናቱ ጠላ እየሸጡ ነው ያስተማሩት። ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፣ ፍሬሽማኑን ሲጨርስ ውጤቱ ህክምና ያስገባው ነበር፣ ግን ዶርም ውስጥ "ይሄን እዳ ካልከፈልክ እናትህን ነው የሚይዙት፣ ቤት ካላት ቤቷን ነው የሚወስዱት" ሲባል ሰማ። ህክምና ደሞ ከሌላው ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር እዳው ይጨምራል፣ እናቴን ሜዳ ላይ ላስቀራት ነው ብሎ ፈራ። ዝም ብሎም አልተቀመጠም፣ ቢሮ ሄዶ ጠየቀ። ሰራተኛው ፎርሙን ገፋ አደረገለትና "ፈርም፣ ሰልፍ አለ" አለው። ልጁም ፈረመና ሄዶ በአጭር የሚያልቅ ዲፓርትመንት ሞላ። የሚከፈለው ራሱ ስራ ሲይዝ ከራሱ ደሞዝ እየተቆረጠ እንደሆነ ያወቀው ተመርቆ ሊወጣ የመልቀቂያ ወረቀቱን (ክሊራንስ) ሲጨርስ ነው፣ እሱንም ሌላ ተማሪ ሲጠይቅ ከጎን ሆኖ ሰምቶ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሲቪ ሊያሰራ እኔ ጋ መጥቶ ነው ያጫወተኝ፣ አሁን በያዘው ሙያ ደህና ስራ አግኝቷል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ስለ ህክምና ሲያወራ ድምጹ ይለወጣል።

ሰራተኛውን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። የመመዝገቢያ ሳምንት እኮ ሰዉ እንዴት እንደሚጋፋ አይተነዋል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው የተቀጠረው ወረቀት ሰብስቦ ፋይል ሊያደርግ ነው፣ ተማሪ ሊያማክር አይደለም፣ ስልጠናም የሰጠው የለም፣ ከጀርባው አለቃው "ዛሬ ማለቅ አለበት" እያለ ይጮህበታል። ደሞ ልጆቹ ከአፋርም ከሶማሌም ከኦሮሚያም ነው የሚመጡት፣ ውሉ ላይ ያለው የህግ አማርኛ ለኔም ለአማርኛ አፍ መፍቻው ይከብደኛል፣ ለነሱ እንዴት ይሁን? በፈረመው ወረቀት ላይ ምን እንዳለ ሳያውቅ የሚመረቅ ልጅ ስንት እንደሆነ ማንም አልቆጠረው።

ሌላ አይነት ሰራተኛ እንዳለም መመስከር አለብኝ። እዚሁ ሰፈር አንድ የግል ኮሌጅ ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ የምትሰራ ሴትዮ አለች፣ ልጆቹ እትዬ ነው የሚሏት። የግል ኮሌጅ ክፍያ ሳትጨርስ ፈተና አትቀመጥም፣ ይሄ የታወቀ ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ኮፒ ልታስደርግ ወረቀት ይዛ መጣች፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ እስከ መቼ ስንት እንደምትከፍል ተጽፎበታል፣ ከየቀኑ ጎን "ወንድም ደሞዝ" የሚል ተጽፏል። ምንድነው አልኳት። እትዬ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስንት ይዘሻል ብላ አይደለም፣ ማነው የሚከፍልልሽ ብላ ነው፣ ወንድሜ አለቻት፣ ምን ይሰራል፣ ደሞዙ መቼ ነው የሚገባለት ብላ ጠይቃ የክፍያውን ቀን ወንድምየው ደሞዝ ከሚያገኝበት ቀን ጋር አገጣጠመችላት፣ አለቃዋን አስፈርማ ማህተም አስመታችበት። ልጅቷ እኮ የመጣችው የማቋረጫ ፎርም (ዊዝድሮዋል) ልትሞላ ነበር! አንድ ሴሚስተር ላቋርጥ ብላ ወስና፣ እሱም ካቋረጡ በኋላ መመለሱ እንዴት እንደሚከብድ የምናውቀው ነው። ኮሌጁ የቀነሰላት አንድ ሳንቲም የለም፣ ብሩ ያው ነው። ይቺ ሴትዮ ነገ ብትለቅ ግን አሰራሩም አብሯት ይሄዳል፣ ምክንያቱም በራሷ ደግነት የምትሰራው እንጂ የተጻፈ ነገር አይደለም፣ እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው።

ውጪ አገር ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትማራለች። እዛ ፋይናንሻል ኤይድ ኦፊስ የሚባል የተማሪ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ አለ፣ ተማሪው ፋፍሳ የሚባል የድጋፍ መጠየቂያ ፎርም ይሞላል፣ በዛ ተመስርቶ ለምሳሌ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግስት ድጋፍ ይሰጠዋል፣ በነሱ አቆጣጠር ለ2024-25 የትምህርት አመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ችግሩ ፎርሙ የሚያየው የቤተሰቡን የሁለት አመት በፊቱን ገቢ ነው። እህቴ ሆቴል ነው የምትሰራው፣ ሰአት ቀነሱባት፣ ፎርሙ ላይ ግን የድሮው ገቢዋ ነው ያለው፣ ስለዚ ለልጅቷ የመጣው ድጋፍ ትንሽ ሆነ፣ እሷም ክላስ ቀንሼ ሙሉ ቀን ልስራ ብላ ወሰነች። ለሌላ ጉዳይ ቢሮው ስትሄድ አንዲት ሰራተኛ "ቤተሰብሽ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀቻት። በቃ ይችው ናት ጥያቄዋ። ለካ እዛ ህጉ ራሱ ለቢሮው ሰራተኛ ስልጣን ይሰጣል፣ ቤተሰቡ ገቢ ከቀነሰበት በማስረጃ አይቶ የዛን ተማሪ ስሌት ማስተካከል ይችላል፣ ፕሮፌሽናል ጀጅመንት ይሉታል። ልጅቷ የእናቷ ሰአት መቀነሱን የሚያሳይ ደብዳቤ አመጣች፣ ድጋፉ ጨመረ፣ ክላሷንም ሳትቀንስ ቀጠለች። የአስራ ዘጠኝ አመት ልጅ ይሄን ህግ ከየት ታውቀዋለች?

እዛም ቢሆን ሁሉም ሙሉ ነው እያልኩ አይደለም። በነሱ 2023 መጨረሻ ፋፍሳን እናቀላለን ብለው አዲስ ፎርም አወጡና ዘግይቶም ተበላሽቶም ስንቱን ተማሪ አንገላታ። ግን አንድ የሰሩት ጥናት አለ፣ በነሱ 2012 የታተመ፣ የእህቴ ልጅ ናት የላከችልኝ። ኤች ኤንድ አር ብሎክ የሚባል የግብር ሂሳብ የሚሰራ ድርጅት ቢሮ ለሚመጡ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ሰራተኛው እዛው ፎርሙን አብሮ ይሞላላቸዋል፣ ልጃቸው ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያገኝም ያሰላላቸዋል። እንደዚህ ከተደረገላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች ውስጥ በሶስት አመት ጊዜ ሁለት አመት ኮሌጅ የጨረሱት ከ28 ወደ 36 በመቶ ከፍ አሉ። ለሌሎቹ ቤተሰቦች ደሞ መረጃው ብቻ ተሰጣቸው፣ ፎርም የሚሞላላቸው አልነበረም፣ እነሱ ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። ይሄን ሳነብ የመጣልኝ የኛ ግቢዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ስትጠይቃቸው "ለጥፈናል እኮ" ነው መልሱ።

ነገሩ አሁን የባሰበት ደሞ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ራስ ገዝ ሆኗል፣ ማለትም አስተዳደሩንም ገንዘቡንም ራሱ ይመራል፣ ሌሎቹም በዛው መንገድ እንዲሄዱ ነው እቅዱ፣ ስለዚ ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ተማሪ እየበዛ ነው የሚሄደው፣ ማን የመንግስት ስፖንሰር ያገኛል፣ ማን አያገኝም የሚለውም እየተወሳሰበ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ደሞ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈችን ልጅ ስለ ክፍያ የሚነግራት ጠፍቶ ስናጣት አያንገበግብም? በብዙ ዩኒቨርሲቲ የስርዓተ ጾታ ቢሮ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ድጋፍ ያደርጋል፣ እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች ግን ቢሮው የት እንዳለ እንኳን አያውቁም፣ የኪስ ብር አጥተው ክላስ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ከተመረቁ በኋላም አያልቅም። አንዷ ኦርጅናል ዲግሪዋን ልታወጣ ስትሄድ ኮስት ሼሪንግ መክፈልሽን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ ተባለች፣ መስሪያ ቤቷ ከደሞዟ ሲቆርጥ ነው የኖረው፣ ገቢዎች ሄዳ ስትጠይቅ ግን በስሟ የገባ የለም፣ መስሪያ ቤቱ ደሞ ሂሳብ ሰራተኛው ለቋል ይላታል። የደሞዝ ስሊፕሽን አስቀምጪ ብሎ የነገራት ሰው ስላልነበረ በእጇ ምንም የላትም። በቴምፖ (በጊዜያዊው ዲግሪ) ብቻ ስትዞር ጥሩ ስራ አመለጣት።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየግቢው ስራው ይሄ ብቻ የሆነ፣ ደንቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ወንበር ስቦ ተማሪውን የሚያስቀምጥ ሰው ይመደብ። ተማሪው ዲፓርትመንት ከመምረጡ በፊት ያግኘው፣ ከተቻለ በራሱ ቋንቋ ያስረዳው፣ ላቋርጥ ብሎ ፎርም ሊሞላ የመጣም ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይለፍ። እናንተ ደሞ ጋዜጠኞች ናችሁ፣ እኔን አይመልሱኝም እናንተን ግን ይመልሷችኋል፣ ሚኒስቴሩ ከኔ ሱቅ በእግር ነው፣ ሄዳችሁ በየዩኒቨርሲቲው ይሄን ስራ የሚሰራ ስንት ሰው እንዳለና ምን ስልጠና እንደወሰደ ጠይቁልን፣ መልሱንም የዘንድሮ ምዝገባ ሳያልቅ አውጡት።

አክባሪያችሁ
የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከአራት ኪሎ