ጉዳዩ፦ በኮራል ማዕድን ጠርሙስ ላይ «በሳምንት» የሚለውን «በየቀኑ» ብሎ ስለሸፈነ ወረቀት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 6

ለአኳሪየም ዕቃዎች አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት
አዲስ አበባ

እንደምን ከረማችሁ።

ከእናንተ ዕቃ መግዛት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የጨው ውሃ ገንዳዬን ከመስታወቱ ጀምሮ ያሟላሁት ከሱቃችሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለተናደድኩ ብቻ አይደለም፤ በጣም አዝኛለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። ከታች የምነግራችሁን ጠርሙስ ለሌላ ሰው ሸጣችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉለት። የኔ ጉዳይ ሁለት ቀን ቢቆይ ምንም አይደል። እሱ ግን ዛሬ ማታም ሊጨምር ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ገንዳዬ ውስጥ ለማኖራቸው የባሕር እንስሳት፣ ለኮራሎቼ የሚሆን የጥቃቅን ማዕድናት ፈሳሽ ገዛሁ፣ 250 ሚሊ ሊትር። አዮዲን፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብና ሌሎችም ተቀላቅለው ያሉበት ነው። ጠርሙሱ ላይ እናንተ በአማርኛ አትማችሁ የለጠፋችሁት ወረቀት አለ። «ለ100 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ፣ በየቀኑ» ይላል። የኔ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። ከታኅሣሥ 3 ጀምሮ በየማታው 10 ሚሊ በስሪንጅ እየለካሁ ጨመርኩ። ታኅሣሥ 27 ጠርሙሱ አለቀ።

ባዶውን ጠርሙስ ላጥበው ብዬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ወረቀታችሁ በአንድ ጥጉ ተነሣ። በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው ሙሉ በሙሉ ተላቀቀ። ከሥሩ የአምራቹ የራሱ ጽሑፍ ወጣ፣ በእንግሊዝኛ። መጠኑ ያው ነው፣ ለ100 ሊትር 5 ሚሊ። ጊዜው ግን ሌላ ነው፦ በሳምንት አንዴ። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለኔ ገንዳ 25 ሳምንት ሊቆይ የሚገባውን ጠርሙስ በ25 ቀን ጨርሼዋለሁ። ሰባት እጥፍ ማለት ነው።

ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ። ለሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በስሕተት በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ «በሳምንት አንዴ» ብለን አንተወውም፤ ታካሚው ቀኑን ይመርጣል፣ «ሰኞ» ወይም «ሐሙስ» ብለን እንጽፍለታለን። ወረቀታችሁን ያለ ጥርጥር ያመንኩትም ለዚህ ነው። ዕቃ ላይ የሰፈረ መጠን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያመሳከረው ነው ብዬ አምናለሁ። በሥራዬ የማውቀው ይህንን ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። ለዚህ ሁሉ ብረትም፣ ማንጋኒዝም፣ ዚንክም ያስፈልጋል፤ ግን እጅግ በጣም ጥቂት። ባሕር ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። አዮዲኑ ግን 0.06 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። መዳብና ዚንክ ከዚያም በብዙ ያንሳሉ። እንዲህ በኢምንት የሚለካ ነገር ሰባት እጥፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን ቤቴ ውስጥ አየሁት።

መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ መስታወቱን መያዝ አቃታቸው። ጠዋት ስነሣ አሸዋው ላይ ተገልብጠው አገኛቸዋለሁ። ቀጥሎ ቶርች የሚባለው ኮራሌ ክንዶቹን ሰብስቦ አልዘረጋ አለ። ከሱቃችሁ ስወስደው ሁለት ራስ፣ ማለትም የየራሱ አፍና ክንዶች ያሉት ሁለት ቅርንጫፍ፣ ብቻ ነበረው፤ በሦስት ዓመት ሰባት አድርሼዋለሁ። ማታ ከሥራ ስገባ መብራት ሳላበራ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር፤ ጫፋቸው ወርቃማ የሆኑ ክንዶቹ በውሃው ሲወዛወዙ። ለገና ሰሞን ሥጋው ከአጽሙ እየተላቀቀ፣ እንደ ራሰ ሶፍት እየተበጣጠሰ ወደ ማጣሪያው ሄደ። አሁን የቀረው ነጭ አጽም ነው። ሁለቱ ዓሦች ምንም አልሆኑም። ይህም የሚነግረን ነገር አለ፤ መዳብ ለዓሣ በሽታ እንደ መድኃኒት የሚሰጥ ሲሆን፣ ያው መጠን ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል።

ስደውልላችሁ ስልኩን ያነሣው ልጅ «እህቴ፣ ኮራል እኮ ስስ ነው፤ መብራት ጠፍቶባችሁ ይሆናል» አለኝ። እውነት ነው፣ እዚህ የካ አባዶ መብራት ይጠፋል። ለዚያ ብዬ ነው ለፓምፑ ባትሪ የገዛሁት። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ይህንን ስለማውቅ የውሃው ፊት ሌት ተቀን እንዲናወጥ አድርጌ ነው ፓምፑን የገጠምኩት። የታኅሣሥን ብርድም ማሞቂያው ችሎታል። ደብተሬ ላይ ሁሉም አለ፦ ሙቀት 25፣ ጨዋማነት 35፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1,300። ወሩን ሙሉ ከዚህ ብዙም አልተነቃነቀም።

መዳብንና ዚንክን በዚያ ልክ ለመለካት ግን አይሲፒ የሚባለው የላብራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ቤት ያለኝ መለኪያ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የገደለው የትኛው ማዕድን እንደሆነ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ሰባት እጥፍ መግባቱን ግን እርግጠኛ ነኝ።

ጉዳቱን ለመቀነስ ሦስት ጊዜ 40 ሊትር ውሃ ቀየርኩ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሌሊት እየተነሣሁ የቧንቧ ውሃ ማጣሪያውን ከፍቼ ጠብታ ጠብታውን አጠራቅማለሁ። የገናን ዋዜማ ያሳለፍኩት ባልዲ ተሸክሜ ነው። ለእያንዳንዱ ቅየራ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የገንዳ ጨው፣ የባሕር ማዕድናት ያሉበት፣ ይገባል። ይህን ሁሉ አድርጌ እንኳ በስሌት ከተጨመረው ግማሽ ያህሉ አልወጣም፤ በየጊዜው የሚወጣው ካለው ላይ አንድ አምስተኛው ብቻ ነውና።

ሌላም ቅር ያለኝ ነገር አለ። ፈሳሹን ስገዛ ስንት ኮራል እንዳለኝ፣ ውሃ በስንት ጊዜ እንደምቀይር የጠየቀኝ የለም። ጥቂት ኮራል ያለበት ገንዳ በየሳምንቱ አሥር በመቶ ውሃው ከተቀየረለት፣ ጥሩ ጨው ራሱ አብዛኛውን ማዕድን ይተካል። ይህንን ብትነግሩኝ ጠርሙሱን ላልገዛው እችል ነበር። ያኔም ቢሆን ከእናንተ ጨው መግዛቴን አላቆምም ነበር።

አሁን የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ወረቀቱን ከቀሩት ጠርሙሶች ሁሉ ላይ አንሡ። በአማርኛ መጻፋችሁ ጥሩ ነው፣ እንዳታቆሙት። ግን በትክክል ተርጉሙት፤ የአምራቹን ጽሑፍም አትሸፍኑት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የጠርሙሱንና የጨዉን ዋጋ መልሱልኝ። በቶርቹ ፈንታ ሌላ ስታስመጡ ሁለት ራስ ያለው ይበቃኛል። እንደ በፊቱ አሳድገዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠርሙሱንና የተላቀቀውን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። ለስንት ሰው እንደደወላችሁም ያኔ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከየካ አባዶ