ዞሎታስ በንግግራቸው ብቻ አይታወሱ

ክቡር አዘጋጅ፣

የግሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የዜኖፎን ዞሎታስ ስም በተነሳ ቁጥር የሚጠቀሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1959 በዋሽንግተን ያሰሟቸው፣ ከጥቂት አያያዥ ቃላት በቀር ከግሪክኛ በተወረሱ ቃላት ብቻ የተዋቀሩ የእንግሊዝኛ ንግግሮች ናቸው። እኛም በየዕለቱ የምንጠቀምባቸው «ኢኮኖሚ»፣ «ፖለቲካ» እና «ዲሞክራሲ» የተቀዱት ከዚያው ምንጭ ነውና ንግግሮቹ መወደዳቸው አይገርመኝም።

ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው በ1967 ያደረጉት ነው። ከ1955 ጀምሮ የግሪክ ባንክ ገዥ ሆነው የቆዩት፣ ፊርማቸውም በየሰው ኪስ ይገባ በነበረው የድራክማ (የያኔው የግሪክ ገንዘብ) ኖት ላይ ያረፈው ዞሎታስ፣ ወታደሮች በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ ከእነርሱ ጋር ከመሥራት ይልቅ ሥልጣናቸውን በተቃውሞ ለቀቁ፤ ወደ ባንኩ የተመለሱትም አገዛዙ ከወደቀ በኋላ በ1974 ነው። በ1989 ፓርቲዎች መንግሥት መመሥረት ሲያቅታቸው፣ ሁሉም የተስማሙባቸው የ85 ዓመቱ አዛውንት እኚሁ ሰው ነበሩ፤ እስከ ሚያዝያ 1990 ድረስም በጠቅላይ ሚኒስትርነት አገለገሉ። ያን ዓይነት አመኔታ ያተረፈላቸው፣ በእኔ እምነት፣ የ1967ቱ ውሳኔ ነው፤ ስለዚህ ወደፊት ስለ እርሳቸው ስትጽፉ ይህንኑ እንድታስቀድሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ