ጋሼ ሲጋራ ላቁም ካለ

ሚሚዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይሄን ያህል ጊዜ ድምፄ ሲጠፋ «ረሳችኝ» ሳትዪ አልቀረሽም። መርሳት እንኳ አልረሳሁሽም። ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ጊዜው ነጎደ። አንቺም ብትሆኚ አልደወልሽም፤ ስለዚህ እኩል ነን።

ዛሬ ግን በምክንያት ነው የጻፍኩልሽ። ጋሼ «ሲጋራ ላቆም ነው» እንዳለሽ ከእህቴ ሰማሁ። አንቺ ደግሞ የአእምሮ ሕመሙ እንዳያገረሽበት ፈርተሽ «ከሱ ሌላ ምን ደስታ አለው? ያጭስ፣ ተዉት» ብለሻታል አሉ። ይሄን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። የምሠራው እኮ እዚሁ ነገር ላይ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሲጋራ እንዲተዉ የሚያግዝ ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። የኔ ድርሻ በአብዛኛው አብሯቸው መራመድ ነው። አትሳቂ፣ ደሞዝ የሚከፈለኝ ወክ ለማድረግ ነው።

«ተዉት» የሚለውን ያንቺ ብቻ አታድርጊው። ሐኪሞችም ሲሉት ኖረዋል። በአእምሮ ሕክምና ተቋማት ሲጋራ ለጥሩ ጠባይ እንደ ሽልማት ይታደል የነበረበት ዘመን አለ። ውጤቱን ግን እይው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ልብና ሳንባን የመሰለ የሰውነት በሽታ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የሲጋራ እጅ ረጅም ነው። አጫሹ ቁጥር ራሱ ከሌላው ሕዝብ ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። እንግዲህ «ብቸኛ ደስታው» የምንለው ነገር ይሄ ነው።

ያረጋጋዋል ትዪኝ ይሆናል። ሲያጨስ እንደሚረጋጋ እኔም አያለሁ። ግን ኒኮቲን፣ ማለት ሲጋራው ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ነገር፣ ከደም ውስጥ ቶሎ ነው የሚወርደው፤ በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሐራራው ይመጣል፤ ይነጫነጫል፣ መቀመጥ ያቅተዋል። ቀጣዩ ሲጋራ የሚያበርደው የፊተኛው ያመጣበትን ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢኤምጄ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ 26 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ያቆሙት ሰዎች ካላቆሙት ይልቅ ድብርታቸው፣ ጭንቀታቸውና ውጥረታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም ጭምር። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ግን ይከብዳሉ። ያንን አልደብቅሽም።

አሁን ወደ እግር ጉዞው። ስፖርት ብቻውን ሲጋራ ያስቆማል ብለው የሚያወሩ አሉ፤ አትመኛቸው። በሌላ እገዛ ላይ ስፖርት ሲጨመር ለረጅም ጊዜ የሚያቆሙ ሰዎችን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርግ ጥናቶቹ አላሳዩም። መራመድ የሚጠቅመው ለደቂቃዎቹ ነው። ሲጋራ ውል ሲል ስሜቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ያቺን ሰዓት ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ፈጠን ብሎ በመራመድ ካሳለፍናት አምሮቱ በግልጽ ይቀንሳል።

አንድ ሰው አለ፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ። ፓኮውን ሁልጊዜ በደረት ኪሱ ነው የሚይዘው። ተቀምጠን ስናወራ እጁ ሳያውቀው ወደዚያች ኪስ ይሄዳል። «እስኪ እስከ ግንቡ ደርሰን እንመለስ» እለዋለሁ። ይነሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ መድኃኒቱ ሰውነቱን ያገትረዋል፣ እግሩም ይጎተታል። የመጀመሪያው ዙር ላይ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሁለተኛው ላይ ስለ ኳስ ይጀምራል፤ ዳኛውን ይሰድባል። እያወራ ሁለቱም እጆቹ አየር ላይ ናቸው፤ ኪሷ ተረሳች። አንዳንዴ ስንመለስ ያጨሳል። አንዳንዴ ደግሞ «ትቆይ» ይላል። እኔም ምንም አልልም፤ ጭብጨባ ምናምን አይወድም።

ትልቁ ሥራ መነሳቱ ላይ ነው ሚሚዬ። በተለይ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመጀመር አቅምን ራሱን ይወስዳል። ሰው ስንፍና ይለዋል፣ ሕመሙ ነው። «ውጣና ተራመድ» ብትዪው አይወጣም። ጫማሽን አድርገሽ በሩ ጋ ቁሚ፤ «ነይ» ካለሽ ትሄጃለሽ፣ «ዛሬ ተይኝ» ካለሽም ነገ ትቆሚያለሽ። ጠዋት መድኃኒቱ ስለሚጫነው ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ጂም ምናምን አያስፈልግም። ደረቱን የሚወጋው ወይም ትንሽ ሄዶ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን መጀመሪያ ልቡን ይታይ።

ሌላው ነገር ኪሎ ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል። ለአእምሮ ሕመም የሚወሰደው መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ ያወፍራል። ሆዳቸውን አይተው ወደ ሲጋራው የሚመለሱ አሉ። እዚህ ላይ መራመዱ ሁለተኛ ጥቅሙን ያሳያል።

ከእግር ጉዞው ጋር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተርና የኒኮቲን ማስቲካ ያስፈልገዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ፤ ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ይይዘዋል፣ ማስቲካው ድንገት ውል ሲለው ነው። ቫሬኒክሊን የሚባል ክኒንም አለ። አእምሮ ይነካል ተብሎ ለዓመታት ሲፈራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ወጣ፤ ግማሾቹ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው፣ ግን ሕመማቸው ረጋ ያለ ነበሩ። ከፕላስተሩም፣ ለማወዳደሪያ ከተሰጠው መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒንም የጎላ የአእምሮ ጉዳት አላመጣም፤ ሲጋራ በማስቆምም በለጣቸው። ለጋሼ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ሐኪሙ ይወስን።

ይሄን የምነግርሽን ደግሞ በደንብ ያዢልኝ። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስድ ከሆነ፣ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ሲጋራውን እንዳያቆም። የሲጋራው ጭስ ጉበትን እያፋጠነ እነዚህን መድኃኒቶች ቶሎ ያስወግዳቸዋል። ያጨስ የነበረ ሰው ሲያቆም ያው መጠን ደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ክሎዛፒን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ሲብስም የሚጥል በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ሥራውን የሚሠራው ጭሱ ስለሆነ ፕላስተሩ ይሄን አያስቀርም። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንስለታል፣ ደሙንም ያያል። ተመልሶ ማጨስ ከጀመረም ይነገረው፤ ያኔ ደግሞ መድኃኒቱ ያንሰዋል፣ ሕመሙም ሊያገረሽበት ይችላል። እናንተ በራሳችሁ አንዲት ፍሬ እንዳትቀንሱ።

ቡናም እንደዚያው ነው። ሲጋራው ሲቆም ካፌኑ ደም ውስጥ ይቆያል። እንደ ወትሮው ከጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ቤተሰቡም «ሲጋራ በማቆሙ ታመመ» ይላል። ቡናውን በግማሽ ቀንሱለት።

በአንዴ ይተዋል ብለሽ ግን አትጠብቂ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት ላይ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ እገዛ ካገኙት ውስጥ ከዓመት በኋላ ያቆሙት 15 በመቶ ነበሩ፤ በተለመደው መንገድ ከሄዱት ደግሞ 10 በመቶ። ያሳዝናል አይደል? እኔን ግን ብዙም አያሳዝነኝም። አብዛኛው ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ነው የሚሳካለት። አቁሞ ቢጀምር «ብዬህ አልነበር» እንዳትዪው።

በይ ጋሼን ሰላም በይልኝ። የሚወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን ከብልቃጡ ላይ ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነም ጻፊልኝ። ከዚያ በፊት ለሐኪሙ ምን ምን እንደምትጠይቂ አብረን እናዘጋጃለን። የጫማ ቁጥሩንም ጨምሪበት፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ያንቺው