ስለ ባህር ዛፍ ስካፎልዲንግና ስለ አደጋ ማሳወቂያ ቅጽ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሕንፃ ግንባታ ላይ ስለሚደርስ የመውደቅ አደጋና ስለ ጉዳት ካሳ

አዲስ ሕግ ይውጣልን ብለን አይደለም የምንጽፈው። የምንጠይቀው አብዛኛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሊሠራ የሚችል ነው።

በየሰፈሩ የምናየው የባህር ዛፍ ስካፎልዲንግ (ሠራተኛ ቆሞ የሚሠራበት ጊዜያዊ መወጣጫ) በወጉ ከታሰረ ይሸከማል። ነገር ግን እርጥቡ እንጨት እንደተቆረጠ ይቆማል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩ ይላላል፣ ከሩቅ ለሚያየው ግን ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከሌላ ሳይት ዞሮ የመጣው ደግሞ ጫፉ በሚስማር ብዛት ተሰንጥቋል፣ መሬት የነካው በኩል በስብሷል። ቋሚው ከሥሩ ጣውላ ሳይነጠፍለት ስለሚተከል ክረምት ሲገባ አንዱ እግር ይሰምጣል። ከሕንፃው ጋር የሚያያዝበት ማሰሪያ ልስን ሲጀመር እንቅፋት ሆነ ተብሎ ይፈታል፤ መልሶ የሚያስረው የለም። መረማመጃው አንድ ጣውላ ብቻ ነው፤ ባልዲ የያዘ ሰው ዞር ሲል የሚደገፍበት አግዳሚ የለም።

እንዲህ ባለ ቦታ «ሴፍቲ ቤልት አድለናል» የሚል መልስ አያሳምንም። የወገብ ቀበቶ ብቻ ከሆነ የወደቀውን ሰው ሆድና አከርካሪ ይጎዳል። ትከሻንና ጭንን ጭምር የሚይዘው ሙሉ ቀበቶም ቢሆን ገመዱ 1.8 ሜትር ያህል ነው፤ የአወዳደቁን ኃይል የሚቀንሰው ክፍል ሲዘረጋ 1 ሜትር ገደማ ይጨምራል፣ የሰውየው ቁመት አለ፣ መጠባበቂያ ክፍተትም ይታሰባል። ከታሰረበት ነጥብ በታች ከ5 ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ ለሚሠራ ሰው መሬቱ ይቀድመዋል። ያውም ብዙ ጊዜ የሚታሰረው እዚያው ባህር ዛፉ ላይ ነው! 1 ሜትር ከፍታ ያለው አግዳሚ፣ ከመሃሉ ሌላ አንድ፣ ከእግር ሥር ደግሞ ዕቃ እንዳይወድቅ የሚያግድ ጣውላ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ባለሙያው ይህን ያውቃል። ግን ስካፎልዲንግ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ዝርዝሩ (የግንባታው ሥራዎች ከነዋጋቸው በሚጻፉበት ሰነድ) ላይ የራሱ ዋጋ የለውም፣ በኮንክሪቱና በልስኑ ዋጋ ተውጦ ይቀራል። ከእሱ የቆጠበ ተቋራጭ ያተርፋል፤ ሥራው ከዋናው ተቋራጭ ለሚረከብ ሰብ ኮንትራክተር፣ ከዚያም ለካቦ (ለቀን ሠራተኞች አለቃ) ሲወርድ ቁጠባው ይብሳል።

ካሳውስ? በሕጉ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የተጎዳው ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በተከታዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ያገኛል። በጡረታ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ በ5 ተባዝቶ ይከፈለዋል። የቀን ሠራተኛው ግን እዚህ ሳይደርስ ይቀራል። «የካቦው ሰው ነው፣ እኔ አልቀጠርኩትም» ይባላል፤ ስሙ ያለው ካቦው ደብተር ላይ ብቻ ነው። የሆስፒታል ካርዱ «ከከፍታ ወድቆ» ይላል፣ የት እንደወደቀ አይልም። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል እንጂ አደጋው በሥራ ላይ መድረሱን አይመሰክርለትም። በዚህ ላይ «የደህንነት መመሪያ ጥሷል» የሚል መከላከያ ይመጣል፤ መመሪያው አስቀድሞ በግልጽ ተሰጥቶት እንደነበር ግን የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከክልልና ከከተማ ቢሮዎች ጋር ሆኖ አንድ ገጽ የአደጋ ማሳወቂያ ቅጽ ያውጣ። ሳይቱ፣ ሰዓቱ፣ ከፍታው፣ ዋናው ተቋራጭና ካቦው፣ የዕለቱ ክፍያና የ2 ምስክሮች ስም ይስፈርበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ተሞልቶ አንዱ ቅጂ ለተጎዳው ወይም ለቤተሰቡ ይሰጥ። ተቆጣጣሪዎች ሳያስጠነቅቁ በሥራ ሰዓት የመግባት ሥልጣን አላቸው፤ ቢሮ ገብተው ሄልሜት ከመቁጠራቸው በፊት ስካፎልዲንጉን ይዙሩት፣ ማሰሪያው የተፈታውን እዚያው ያስቁሙ። ከኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ጋር ተነጋግራችሁም በመንግሥት ግንባታዎች ስካፎልዲንግ በሥራ ዝርዝሩ የራሱ መስመርና ዋጋ እንዲኖረው አድርጉ።

ከሰላምታ ጋር
በግንባታ ሥራ ደህንነት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን