የላፕቶፕ ማስታወቂያ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥርና የስክሪኑን ዓይነት ይጻፍልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የማስታወቂያ ገጾች ላይ ለሕንፃ ነዳፊዎች፣ ለቀያሾችና ለቪዲዮ አቀናባሪዎች የሚሆኑ «ወርክስቴሽን» ላፕቶፖች በየጊዜው ሲወጡ አያለሁ። አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች «ኮር አይ7፣ 16 ራም፣ ፉል ኤችዲ» ብለው ያበቃሉ። እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አነስተኛ ቢሮ የሕንፃ ንድፍ የምሠራ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለችውን አጭር መስመር አምኜ የገዛሁት ዕቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላንገላታኝ፣ መስመሯ ምን እንደምታስቀር ለአንባብያን ለማስረዳትና ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ሻጩ ዋሸኝ ለማለት አልችልም። «ወንድሜ፣ አይ ሰቨን ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ጀነሬሽን፣ ባለ 10 ኮር» አለኝ፤ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ያልነገረኝ የቁጥሩን መጨረሻ ፊደል ነው። የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ስሌት ሠሪ ቺፕ፣ ሙሉ ስም አይ7-1255ዩ ሲሆን፣ ስሌቱን ተከፋፍለው ከሚሠሩት 10ሩ ክፍሎች (ኮሮች) ከባድ ሥራ የሚሸከሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ስምንቱ ኃይል ለመቆጠብ የተሠሩ ትንንሽ ኮሮች ናቸው። በዚያው ትውልድና በዚያው «አይ7» በሚለው ስም የሚሸጠው አይ7-12700ኤች ግን ስድስት ትልልቅና ስምንት ትንንሽ፣ በድምሩ 14 ኮሮች አሉት። የፊተኛው መነሻ ኃይሉ 15 ዋት፣ የኋለኛው 45 ዋት ነው። ላፕቶፑ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ግን ሁለቱንም «አይ7» ብሎ ስለሚጠራቸው፣ መስታወት ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ልዩነታቸውን የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ልዩነቱን ያወቅሁት በገዛሁ በሳምንቱ ነው። የአንድ ጂ ፕላስ 2 መኖሪያ ቤት የፊት ገጽታ ሬንደር እንዲያደርግ፣ ማለትም ንድፉን እንደ ፎቶግራፍ ወደሚታይ ምስል እንዲለውጥ፣ አዝዤው ታስክ ማናጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መከታተያ ከፍቼ ፍጥነቱን መከታተል ጀመርሁ። መጀመሪያ ላይ ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ ነበር፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ከ2 ተኩል በታች ወረደ፣ ማራገቢያው እንደ ፕሪመስ ይጮኻል፣ የኪቦርዱም የላይኛው ክፍል እጅ አላስቀምጥ አለ። የቢሮ ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ስለነበር ሄጄ አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ፣ በረካው ደርሶ ስመለስ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነበር። ያንኑ ፋይል አንድ የሙያ ባልደረባዬ ባለ ኤች ፊደል ላፕቶፕ ላይ ብናስሞክረው ከአቦል አላለፈም።

ይሁን እንጂ ኮር በበዛ ቁጥር ሥራ ሁሉ ይፈጥናል ማለት አይደለም። አውቶካድና ሬቪት የሚባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች መስመር ሲሰመርባቸውና ግድግዳ ከቦታው ሲነሣ አብዛኛውን ስሌት የሚሠሩት በአንድ ኮር ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፕላን ብቻ የሚያወጣ ባለሙያ የሚጠቀመው ከአንዱ ኮር ፍጥነት እንጂ ከኮሮቹ ብዛት አይደለም። ኮሮቹ ሁሉ የሚፈለጉት ሬንደር ሲደረግ፣ ቪዲዮ ሲቀነባበር ወይም ከብዙ ፎቶግራፍ የስሪዲ ሞዴል ሲገነባ ነው፤ ሬንደሩ በግራፊክስ ካርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ወደ ካርዱ ቢሄድ ይሻላል። እኔ ላፕቶፑን ልቀይር ስነሣ መጀመሪያ ያደረግሁት በሳምንት ስንት ሰዓት ሬንደር ላይ እንደማጠፋ መቁጠር ነበር፤ ከስድስት ሰዓት አልበለጠም። ስለዚህ ከአይ7 ወደ አይ9 ለመሻገር የሚጠየቀውን ጭማሪ ትቼ በዚያው ገንዘብ ራሙን 32 ጊጋባይት አደረግሁት፤ እስከ ዛሬም አልጸጸተኝም።

ከኤች በላይ ኤችኤክስ የሚባል አለ፤ እርሱ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የተሠራው ቺፕ ለላፕቶፕ እንዲሆን ተደርጎ የቀረበበት ስለሆነ ወፍራም አካልና ከባድ ቻርጀር ይፈልጋል። ኤኤምዲ ራይዘን የሚገዛም ሰው ቢሆን ዩ እና ኤች የሚሉትን ፊደሎች ማየት አለበት። ኢንቴል ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ «አይ» የሚለውን ትቶ «ኮር አልትራ 7» ማለት ቢጀምርም ፊደሉ ከቦታው አልጠፋም፤ 155ዩ እና 155ኤች ዛሬም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፊደሉ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሙቀቱ መውጫ ያስፈልገዋል። 45 ዋት ፕሮሰሰር በስስ አካል ውስጥ ሲታሸግ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ስስ ላፕቶፕ ውስጥ የገባ አይ9 በወፍራም ላፕቶፕ ውስጥ ባለ አይ7 ሲበለጥ ይታያል። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ሌላው ገዢ የማያስበው አንድ ጉዳይ አለብን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየራችን በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ነፋሻማው የአየር ጠባያችን ይክሰናል። ለሥራ ደባርቅ ስወጣ ግን ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ የማራገቢያው ጩኸት ሲጨምር በጆሮዬ እሰማለሁ። አንዳንድ የላፕቶፕ መመሪያዎችም ከ2,438 ሜትር በላይ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት ከ35 ወደ 31.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ አድርገው ይጽፋሉ።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ላፕቶፑ ተከፍቶ ዴስክቶፑን አሳይቶ ሲዘጋ «ይሠራል» ብሎ ገንዘብ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም። ሲኒቤንች የሚባል በነፃ የሚገኝ መፈተኛ አለ፤ አር23 የሚባለው ቅጂው ሳይነካካ ከተተወ ለ10 ደቂቃ ፕሮሰሰሩን ሳያሳርፍ ያሠራዋል። በፍላሽ ይዞ ሄዶ ቻርጀሩ እንደተሰካ ማስነሣት፣ በመጀመሪያው ደቂቃና በመጨረሻው ደቂቃ ታስክ ማናጀር ላይ የሚታየውን ፍጥነት ማወዳደር ነው። ለአሥር ደቂቃ የማይታገሥ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ አለ።

ያገለገሉ ወርክስቴሽኖች የሚገዙም ብዙዎች ስለሆኑ ዚዮን ስለሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ጥቂት ልበል። ዚዮን የሚለው ስም ሰርቨር ስለሚያስታውስ ዋጋ ይሰቀልበታል። ሆኖም ስድስተኛው ትውልድ ላይ የነበረው ኢ3-1505ኤም ቪ5 ባለ 4 ኮር ሲሆን፣ በፍጥነትም ከዘመዱ ከአይ7-6820ኤችኪው እምብዛም አይርቅም። ዋናው ብልጫው ስሕተት የሚያርም ኢሲሲ ራም መቀበሉ ነው፤ ያም የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ራም ከተገጠመለት ብቻ ነው። ሁለቱም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ የሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከኢንቴል ያገለገለ የሚፈልግ ሰው ከስምንተኛው ትውልድ ባይወርድ ይበጀዋል።

ወደ ስክሪኑ ልመለስ፤ በእኔ ግምት ገዢ የበለጠ የሚታለለው በእርሱ ነው። ማስታወቂያዎች የሚያወሩት ስለ ፒክስል ብዛት ብቻ ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፤ ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ደግሞ የዚያ አራት እጥፍ ነው። ነገር ግን ባለ 15.6 ኢንች ስክሪን ላይ ፎርኬ ሲሆን ጽሑፉ ስለሚደቅቅ በዊንዶውስ 200 በመቶ ማጉላት ግድ ይሆናል፤ ሲጎላ ደግሞ የሚገኘው የሥራ ቦታ ያው የፉል ኤችዲው ነው። መስመሩ ይጠራል፣ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ 90 ዋት ሰዓት የሚይዝ ትልቅ ባትሪ እንኳ 90 ዋት በሚበላ ሥራ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆየው። ለእኔ ከፎርኬው ይልቅ የጠቀመኝ ቁመቱ ከፍ ያለው 1920 በ1200 ነው፤ ትርፉ 120 የፒክስል መስመር ብቻ ቢመስልም የሬቪት መሣሪያዎች የሚደረደሩበት የላይኛው ሰሌዳ የሚሻማብኝን ቦታ መልሶልኛል።

ማስታወቂያ ላይ ጨርሶ የማይጻፉት ሁለት ነገሮች የብርሃን መጠኑና የቀለም ስፋቱ ናቸው። ብርሃኑ በኒት ይለካል። የቀድሞው ላፕቶፔ 250 ኒት ስለነበር፣ አዘዞ አንድ ግንባታ ላይ በቀትር የመሠረቱን ፕላን ለፎርማኑ ላሳየው ብዬ ብከፍተው ከገዛ ፊቴ በቀር የሚታይ አልነበረውም። ጋቢዬን ራሴና ላፕቶፑ ላይ ተከናንቤ ስመለከት አንዷ የቀን ሠራተኛ «ጋሼ፣ ታመው ነው ወይስ ጸሎት ላይ ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳይት የሚወጣ ሰው ከ400 ኒት ባያንስና የማያንጸባርቅ ማት ስክሪን ቢመርጥ እላለሁ፤ በንክኪ የሚሠሩት አብዛኞቹ ያብለጨልጫሉ። ቀላሉ ፈተና ላፕቶፑን ከሱቁ አምፖል ሥር አውጥቶ በራፍ ላይ በፀሐይ ማየት ነው።

የቀለሙ ነገር ደግሞ ኪስ ይነካል። ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቀለም ስፋት መለኪያ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚባለው ርካሽ ስክሪን ከተለመደው የኤስአርጂቢ የቀለም ስፋት የሚያሳየው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው፤ 72 በመቶ የሚባለው ግን ሙሉውን ይሸፍናል ለማለት ይቻላል። አንድ ደንበኛዬ ለቤታቸው ውጫዊ ግድግዳ የሸክላ ቀለም የመረጡት ከእኔ ስክሪን ላይ አይተው ነበር። ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ የታያቸው ቀለም ግድግዳው ላይ ሲቀባ እንደ በርበሬ ቀላ፤ የአንዱን ጎን የማስቀቢያ ወጪ የከፈልሁት እኔ ነኝ። ኦሌድ የሚባለው ስክሪን በቀለምም በጥቁረትም ወደር የለውም፤ ሆኖም የእኛ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት የመሣሪያ ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ቦታ ሳያንቀሳቅሱ ስለሚያሳዩ በጊዜ ብዛት አሻራ ሊቀርበት ይችላል ብዬ አይፒኤስ የሚባለውን ሌላውን የስክሪን ዓይነት መርጫለሁ። ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ የእነርሱ ሥራ ስለሚለይ አልከራከራቸውም።

ለዝግጅት ክፍላችሁ የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። የመኪና ማስታወቂያ ስታወጡ ሞዴሉና የተሠራበት ዓመተ ምሕረት ይጻፋል፤ የላፕቶፕ ማስታወቂያ የሚያመጡላችሁም ነጋዴዎች የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ከነፊደሉ፣ የስክሪኑን ዓይነት፣ ብርሃኑንና የቀለም ስፋቱን እንዲያስገቡ ብትጠይቋቸው የሚጨምርባችሁ ቦታ እዚህ ግባ አይባልም። ለምሳሌ፦ «አይ7-12700ኤች፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ 16 ኢንች 1920 በ1200 ማት አይፒኤስ፣ 400 ኒት፣ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ።» ቆጥሬዋለሁ፤ በጋዜጣችሁ ዓምድ ሁለት መስመር ቢይዝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ፒያሳ፣ ጎንደር